የእናቴ ጋቢ የመኪናው መስኮት ላይ

ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ሐሳቡን ግን አልነካሁም።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር። ቤቱ በእናቴ ስም የወጣ ባለ ሁለት መኝታ 20/80 ነው። ቅድመ ክፍያውን የከፈለው ታላቅ ወንድሜ ነው። የባንኩን 5 ሺህ ብርም በየወሩ የሚሸፍነው እሱ ነው። ጎረቤታችን ያንኑ የሚያህል ቤት በ14 ሺህ ነው የተከራየችው። እሱ ባይኖር የት እንወድቅ ነበር እላለሁ።

ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። ቀን መጋዘን ይሠራል፣ በሰዓት 17 ዶላር። ማታ በመኪናው ምግብ ያደርሳል። በየወሩ 200 ዶላር ይልካል፤ አንድም ወር አጓድሎ አያውቅም።

በመስቀል ሰሞን በቪዲዮ እያወራን ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ሲያነሳው ከጀርባው ያለውን አየሁ። የኋላው መስኮት ላይ ጋቢ ተሰቅሏል። ሲሄድ እናቴ የሰጠችው ጋቢ ነው፤ ዳሩ ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር አውቀዋለሁ። ትራስ አለ። የጥርስ ብሩሽ አለ፣ ቡና የሚቀመጥበት ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ። እናቴም አየች። ‘ጋቢዬን ከመኪናው አይለየውም’ ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ሌሊት ደውዬ አፋጠጥኩት። ከሰኔ ጀምሮ የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ሚስቱ ስትመጣ ክፍሉን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የሚያከራየው አጣ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ጥፋቴ ነው። ‘ሥራ ያለው ሰው ካልጠጣ ወይ ካልቃመ አሜሪካ ውስጥ እንዴት ጎዳና ይወድቃል? የደበቀሽ ነገር አለ’ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬያለሁ። እኛ በዚህች ደመወዝ ጣራ ሥር እያደርን፣ እሱ በዶላር እየተከፈለው?

ታናሻችን በጥር ያገባል። እናቴ ለድግሱ 3 ሺህ ዶላር ጠይቃዋለች። እሺ ብሏል! እናቴ ኮተቤ በአባቴ ቤት ነው የምትኖረው፤ ሁለት ሰርቪስ አለ፣ በአንዱ ሙሽሮቹ ይገባሉ፣ ሌላው ዕቃ መጣያ ነው። ጡረታውም ከእጅ ወደ አፍ ነው። ልንገራት ወይስ ቃሌን ልጠብቅ?

የወንድሟ እህት፣ ከቦሌ አራብሳ»

እህቴ፣ ወንድምሽ አልዋሸሽም። ባለቤትሽን ልቆጣው አልፈልግም፤ እኔም ሳልሄድ በፊት እንደሱ ነበር የማስበው። ግን ከዚህ ጥርጣሬ ካልወጣችሁ ቀሪው ምክር ሁሉ ውሃ ላይ መጻፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።

ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ ሐበሻ የሌለበት ፓርኪንግ ማግኘት ይከብድ ነበር። መኪና ትቀበያለሽ፣ ትኬት ትቆርጫለሽ፣ ቁልፍ ትሰቅያለሽ፣ በቃ። አንድ ክረምት፣ የነሱን በረዷማውን ማለቴ ነው፣ ቤት የምጋራው ጓደኛዬ ሳይነግረኝ ቤቱን አስረክቦ ሄደ። ሻንጣዬን ይዤ ቀረሁ። አምስት ሳምንት ትኬት የምቆርጥባት ኪዮስክ ውስጥ አደርኩ። የእናንተን ብሎክ የጥበቃ ቤት ታክላለች። ከእግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ አለች፤ እግሬ ሲቃጠል ጀርባዬ ይቀዘቅዛል።

በዚያው ሰሞን ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? አንድ ደንበኛ ያቆመው ጥቁር መርሴዲስ ላይ ተደግፌ ፎቶ ተነሳሁና ለእናቴ ላክሁ። «የኔ ነው» አላልኩም። «የኔ አይደለም»ም አላልኩም። እናቴ ፎቶውን በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው። በወሩ የአባቴ ተዝካር ደረሰ። 600 ዶላር ላክሁ፣ በዳቦና በኦቾሎኒ ቅቤ እየዋልኩ። ፎቶው ግን ከ600 ዶላሩ በላይ አስከፈለኝ። ከዚያ በኋላ «የለኝም» ስል ማንም አላመነኝም። ማን ያምናል? መርሴዲሱ ሳሎን ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ።

በሰዓት 17 ዶላር፣ 40 ሰዓት ቢሠራ በሳምንት 680 ነው። በወር ወደ 2,950 ዶላር ይመጣል፣ ግብር ሳይቆረጥ። ይህን በብር እያባዛሽ ራስሽን እንደያዝሽ አውቃለሁ። አታባዢው። ወንድምሽ ኪራይ የሚከፍለው በዶላር ነው። እዚያ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ከ1,800 ዶላር በታች ካገኘ ዕድለኛ ነው። «ይሁና፣ 1,800ውን ከፍሎ በቀረው ይኑር» ትዪ ይሆናል። አይሰጡትማ! ብዙዎቹ አከራዮች ቁልፍ ከማስረከባቸው በፊት ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሁን ይላሉ። የ1,800 ሦስት እጥፍ 5,400 ነው። እዚያ ለመድረስ በሰዓት 31 ዶላር ገደማ ማግኘት አለበት። ከዚያ የክሬዲት ታሪኩን፣ ማለትም ዕዳውን በወቅቱ ይከፍል እንደሆነ ያያሉ። ከዚያ የመጀመሪያ ወር ኪራይና የመያዣ ዲፖዚት በአንዴ ቁጭ አድርግ ይሉታል።

ደግሞ 17 ዶላር እዚያ የመጨረሻው ዝቅተኛ አይደለም። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2025 በሰዓት 12.41 ዶላር ነበር። የፌዴራሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። 40 ሰዓት ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። በሳምንት 30 ሰዓት የሠራ ሰው በጤና ኢንሹራንስ ሕጉ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ኢንሹራንስ ሊያቀርብለት ይገባል። ስለዚህ ሰዓቱን 28 ላይ የሚቆርጡ ሞልተዋል። ማታ ምግብ የሚያደርሰው ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? መኪናውን ሸጦ ቤት ይከራይ እንዳትዪውም። መኪናው አልጋው ብቻ አይደለም፣ ሁለተኛ ሥራው ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በመንግሥት ወረቀት ወንድምሽ ድሃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው የድህነት መስመሩ በዓመት 15,650 ዶላር ነበር። እሱ ሙሉ ሰዓት ከሠራ የዚያን እጥፍ አልፎ ያገኛል። መስመሩ ከየት መጣ ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረች ሞሊ ኦርሻንስኪ የምትባል ባለሙያ ናት መሠረቱን የጣለችው። የአንድን ቤተሰብ ዝቅተኛ የምግብ ወጪ ወሰደች፣ በሦስት አባዛችው። ያኔ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶውን ገደማ ለምግብ ያወጣ ስለነበር ያስኬዳል። ከዚያ ወዲህ ግን ቁጥሩ በዋጋ ንረት ልክ ከፍ እያለ ያው ሒሳብ ቀጥሏል። ኪራይ የት እንደደረሰ መስመሩ አያውቅም።

እንግዲህ ተመልከቺ። መንግሥት የምግብን ዋጋ በሦስት አባዝቶ «ድሃ አይደለህም» ይለዋል። አከራዩ ኪራዩን በሦስት አባዝቶ «አቅም የለህም» ይለዋል። ወንድምሽ በሁለቱ ማባዣዎች መሐል መኪናውን አቁሞ ተኝቷል።

ለባለቤትሽ ጥያቄም ልመለስ። ጠጪ የለም አልልም፣ ሱሰኛ የለም አልልም፤ አይቻለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ65 በታች የሆኑ ቤት አልባዎችን የገቢ መዝገብ ሲያዩ፣ መጠለያ ከሚያድሩት 53 በመቶ፣ ውጭ ከሚያድሩት ደግሞ 40 በመቶው ቤት አልባ በነበሩበት ዓመት በሕጋዊ ሥራ ደመወዝ ያገኙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በአንድ ሌሊት በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ 771,480 ሰው ቤት አልባ ሆኖ ተገኝቷል። ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ሌሊት ድረስ ያን ያህል ሆኖ አያውቅም ነበር። መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው እዚያ ቁጥር ውስጥ መግባት አለበት። ግን መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ትልቁ ጥንቃቄው አለመታየት ነው። መስኮቱ ላይ ጋቢ የሰቀለውም ለብርድ ብቻ አይመስለኝም።

ረሃቡም እንደዚያው ነው። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ47 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖረው በቂ ምግብ የማግኘቱ ነገር አስተማማኝ ባልሆነበት ቤት ውስጥ ነበር። በሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ግን ምግብ ሞልቶ ይፈሳል። ይሄ ነው ከሩቅ ለሚያየው የማይገባው።

ባለቤትሽ ቁጥር ካልጣመው ደግሞ እዚሁ ሠፈራችሁ ያለውን ይይ። እኔ የካ አባዶ ነኝ፣ ያው የእናንተው ዓይነት ዳር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ አዲስ በሚሠሩት ፎቆች በኩል ሳልፍ የቀን ሠራተኞቹ ፊታቸውን በሀይላንድ ውሃ ሲታጠቡ አያለሁ። ያደሩት እዚያው ነው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፈው። ቀን አሸዋና ብሎኬት ሲያወጡ ይውላሉ። ሕንፃው በር ሲገጠምለት እነሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሰነፍ ናቸው የሚላቸው አለ? ሥራ እያለው ማደሪያ የሌለው ሰው ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካ ስለሆነ ብቻ ነው ማመን ያቃተን።

ሌላው ያሳሳታችሁ ነገር ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በዓመቱ ከ130 አለፈ። 200 ዶላሩ መጀመሪያ እናትሽ እጅ 11,400 ብር ነበር፤ ከዚያ 27 ሺህ ሆነ። እናንተ ቤት እሱ በእጥፍ የበለፀገ መሰለ። እሱ ጋ ግን ያው 200 ዶላር ነው፤ እንዲያውም የእንቁላሉም የቤንዚኑም ዋጋ ከሥሩ እየሸሸበት። ጤፍና ዘይቱ እዚህም እንዳልቆመ አውቃለሁ፣ 27 ሺውን ማን እንደበላው ለማንም መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም 3 ሺህ ዶላር የሚለው ቃል ከእናትሽ አፍ እንደዋዛ የወጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልመልስ። ይከፋሽ ይሆናል፤ ቢሆንም እለዋለሁ።

አንቺ የምትተኚው የወንድምሽ አልጋ ላይ ነው። በቃ እንዲያ ነው። ቅድመ ክፍያውን እሱ ከፈለ፣ የባንኩን እሱ ይከፍላል፣ እሱ ግን አንድ ሌሊት አላደረበትም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቦታ አመስግነሽዋል። ስለ ቤቱ ግን አንድም ጥያቄ አላነሳሽም። ለእናትሽ ልንገር አልንገር የሚለው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ለወንድምሽ ብዙም የሚፈይድለት አይደለም። ምስጢሩ ቢወጣም ባይወጣም ዛሬ ማታ መኪናው ውስጥ ነው። የሚፈይድለት የየወሩ 200 ዶላር ኪሱ ውስጥ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ኮተቤ ያለውን ዕቃ መጣያ ባዶ አድርጊው። የተሰበረውን ወንበር፣ የአባትሽን አሮጌ ሬዲዮ፣ አሮጌውን ጀሪካን ሁሉ አውጪ። ኖራ ይቀባ። ከልጅሽና ከባለቤትሽ ጋር እዚያ ግቡ። ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ልጅሽ ግን አያቷን ታገኛለች። ወይ ደግሞ ባለቤትሽ ሰርቪስ አልገባም ካለ፣ ጎረቤታችሁ የምትከፍለውን 14 ሺህ ብር እናንተ ክፈሉ፤ እዚያው ቆዩ። ሁለቱንም አይሆንም የሚል ከሆነ «የደበቀሽ ነገር አለ» ማለቱን ይተው።

ከ14 ሺው 5ቱ ባንክ ይገባል። 9ኙ ለእናትሽ ይሆናል፤ ጡረታዋ አለ። ከ27 ሺህ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። እናትሽ ሥጋ ትቀንሳለች፣ አንዳንዱን ማኅበር ትዘላለች። ግን የማትራብበት ነው። ወንድምሽ ደግሞ በአራት ወር 800 ዶላር ይይዛል። ስለ አፓርታማ አላወራሁም፤ ሙሉ አፓርታማ ለጊዜው ይተወው። በሐበሻ መደብሮች ግድግዳ ላይ «ቤዝመንት፣ ለአንድ ሰው» የሚል ወረቀት አይጠፋም። ክሬዲት የማይጠይቅ፣ ሦስት እጥፍ የማይል፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብቻ የሚል ባለቤት አለ። እዚያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ወር ገንዘብና የሚመሰክርለት አንድ ሰው ነው። እኔም ከኪዮስኩ የወጣሁት በእንደዚያ ያለ ወረቀት ነው። ምድር ቤት፣ ከቦይለር አጠገብ። እንቅልፍ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው።

ሰርጉን በተመለከተ ታናሽሽን ለብቻው አግኚው እንጂ እናትሽን አይደለም። የሚያገባው እሱ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው። ምስጢሩን ሳትነግሪው «ከታላቃችን ገንዘብ አይመጣም፣ ድንኳኑን አሳንሰው» በዪው። ለምን ካለ «እኔ ስላልኩ» በዪ፤ እህት አይደለሽ? በጥር ሁለት ድንኳን የሚተክል ሁሉ በየካቲት ምን እንደሚሆን እኛ ሠፈር አይተናል። ቪዲዮ ቀራጩን ካልቀነሰ ደግሞ አማቶቹ ይርዱት።

እናትሽስ? አትንገሪያት። አንቺ አትንገሪያት ማለቴ ነው፤ የመናገሩ ድርሻ የሱ ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቃልሽን አንዴ አጥፈሻል፤ ለባለቤትሽ መናገርሽን ለወንድምሽ ራስሽ ንገሪው፣ ከሌላ ሰው ከሰማው ሁለተኛ እውነት አይነግርሽም። ሁለተኛ፣ ለእናትሽ ሐሰት ሳትናገሪ የምትያት አለ። «ኪራይ ከብዶታል፣ ለስድስት ወር አይላክ ብዬዋለሁ፣ ቤቱን አከራይተን እንሸፍናለን።» ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ስልኩን ስጫትና «አትላክ» የሚለውን ቃል ከራሷ አፍ ይስማው። ካንቺ አፍ ቢሰማው አይቆጥረውም። እናቱ ካላለችው የመጨረሻ ሳንቲሙንም ቢሆን ይልካል። እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ ስጠብቅ የኖርኩት ያንን ቃል ነበር። እናቴ አላወቀችም እንጂ ብታውቅ ትለው ነበር፤ መርሴዲሱን የሰቀልኩባት እኔው ነኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ና በቃ፣ አገርህ ግባ» አትበዪው። እሱ ካነሳው ስሚው። ካላነሳው ግን በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ይህ ቃል ግብዣ አይመስልም፣ ፍርድ ይመስላል።

ስለ ራሱ ደግሞ የምትነግሪው ነገር አለኝ። እዚያ 2-1-1 የሚባል ነፃ ስልክ አለ። ያለበትን አካባቢ ሲነግራቸው የትኛው መጠለያ፣ የትኛው የምግብ ማደያ ቅርብ እንደሆነ ይነግሩታል። እንደ ወንድምሽ ግሪን ካርድ ላለው አዋቂ ሰው የመንግሥቱ የምግብ ድጎማ፣ ስናፕ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ካልሞላው አይሰጥም። ስለዚህ ጠይቆ ተከልክሎ ከሆነ የሱ ጥፋት አይደለም። የበጎ አድራጎት ማደያዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ የሚባለው ለዲሲ፣ ለዲሲ አጎራባች የሜሪላንድ አካባቢዎችና ለሰሜን ቨርጂኒያ ማደያዎች ምግብ ያከፋፍላል። አብዛኞቹ ማደያዎች ሩዝና የታሸገ ባቄላ ሲሰጡ ስለ ወረቀት አይጠይቁም። ያፍራል፣ አውቃለሁ። ሰልፉ ላይ የሥራ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስንት እንደሆነ ሲያይ ግን ሐፍረቱ ይቀልለታል። አርሊንግተን ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። ስደተኛና መጤ ላይ ነው የሚሠሩት። ደውሎ መጠየቅ አይጎዳውም።

ብርዱ እየመጣ ነው። በነሱ ክረምት የአሌክሳንድሪያ ጎረቤት የሆነው ፌርፋክስ ካውንቲ ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆኖ ሰው በብርድ እንዳይሞት የሌሊት ማደሪያ ይከፍታል። በጣም በሚበርድ ሌሊት እዚያ ይግባ፣ መኪናውን አጠገቡ አቁሞ። ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ ከፍቶ እንዳይተኛ ደግሞ አጥብቀሽ ንገሪው፣ በተለይ በረዶ የጭስ መውጫውን ሲዘጋው። ከሰል ዘግተው የተኙ ሰዎች ሲሞቱ እዚህ በየዓመቱ እንሰማ የለ? ያው ጋዝ ነው፤ አይሸትም፣ አያስልም፣ ዝም ብሎ ያስተኛል።

በአካባቢው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ካለ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰው ይንገር። ለአንድ ብቻ። ብዙ ሰው አይወቅብኝ ማለቱ ልክ ነው፤ ማንም አይወቅ ማለቱ ግን ለምሬት ይዳርገዋል። ቤዝመንቱንም የሚያገኝለት፣ የሚመሰክርለትም ያ አንድ ሰው ነው።

እሁድ በኛ 10 ሰዓት ላይ ደውዪለት። እዚያ ጠዋት ነው፣ ገና መነሳቱ ይሆናል። በቪዲዮ አይሁን፣ በድምፅ ይሁን፤ ፊቱን እንዲያስተካክል አታስገድጂው። ምን እንደበላ ጠይቂው፣ «ደህና ነኝ» ሲል «ምን በላህ ነው ያልኩህ» በዪ። ከዚያ ቤቱን ልትለቁ እንደሆነ ንገሪው። ይቃወማል። «እናንተ የት ትወድቃላችሁ» ይላል። ይጮህ ይሆናል። አልቅሶም ከሆነ ስልኩን አትዝጊ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ።

ለሚመጣው ተከራይ የውሃውን ተራ ቀን ንገሪው። በርሜሉንም እዚያው ተዪለት፤ ኮተቤ አያስፈልግሽም።